ሁለት ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን

የበደለችኝ ከድጃ ትባላለች። የባሌ የሰይድ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ በሚንጣጣበት በጋ ላይ ነው። ሰይድም በድሎኛል፤ የእሱን በቦታው አነሳዋለሁ። ያኔ ከድጃን አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራት። ዛሬ ስጽፍ አንቱታውን አንስቼዋለሁ።

ሰው ሲያረጅ ይቅር ይላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አርጅቻለሁ።

የወሎ ሰው ነኝ። ሰይድ ደሴ መጥቶ አግብቶ ሲያመጣኝ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ብርድ የለመደ ሰውነቴ ጋምቤላ ላይ ቁጭ ባልኩበት ላብ ሲያፈስ፣ የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ሰይድ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ የሆነ የጭቃ ቤት ነው። ከሱቁ ቀጥሎ ሳሎን፣ ከሳሎኑ በአንድ በኩል የእኔና የሰይድ መኝታ ቤት፣ በሌላው በኩል የከድጃ ክፍል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ጆንያና ካርቶን የሚጣልበት መጋዘን አለ። ከድጃ ባሏ ሞቶ ወንድሟ ቤት የገባች ናት፤ ቤቱን ግን የምታዝዘው እሷ ነበረች።

መኝታ ቤቱ ጠባብ ነው። የሽቦ አልጋው ከገባ በኋላ ሰው በአልጋው ግራና ቀኝ የሚያልፈው ጎኑን አዙሮ ነው። ከአንዲት ትንሽ መስኮት ሌላ ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ወደ ሳሎን፣ አንዱ ከዚያ ትይዩ ወደ ጓሮ። ሁለቱም የሚከፈቱት ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ውስጥ ቢሆኑ አልጋውን ይመቱት ነበር። ግድግዳውን በመጣሁ ዓመት በእጄ መርጌ በእጄ ለስኜዋለሁ። ያንን ክፍል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

የጓሮው በር እስትንፋሴ ነበር። ሲከፈት ከባሮ ወንዝ በኩል ትንሽ ነፋስ ይገባል፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጥላ አለ፤ ማድ ቤቱም እዚያው ነው። የሳሎኑን በር ከከፈትኩ ግን ከድጃ ሙስባሃዋን እየቆጠረች በሩ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የት ልትሄጂ ነው፣ ምን ይዘሻል፣ ለምን ዘገየሽ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ በእሷ ፊት ላለማለፍ የጓሮው በር ይጠቅመኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በእነዚህ ሁለት በሮች ምክንያት ስለሆነ ነው።

የልብስ ማስቀመጫዬ ከደሴ ይዤው የመጣሁት የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። አልጋው ሥር ነው የሚቀመጠው። ቁም ሳጥን እፈልግ ነበር፤ ግን በሩ ሲከፈት አልጋው ላይ ስለሚያርፍ አይሆንም ተባለ። ከዕለታት አንድ ቀን ሰይድ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ የሚመለስ የግሪክ ነጋዴ ቤት ገብቶ አንድ ነገር አይቶ መጣ። በሩ ወደ ፊት አይከፈትም፤ ወደ ጎን ነው የሚገፋው። አንዱ በር በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ሰይድ በሁለት መዳፉ እያንሸራተተ አሳየኝ። ለእኛ ክፍል ይሄ ነው መድኃኒቱ አለኝ። ልጅ ሆኜ ያላገኘሁትን መጫወቻ የገዛልኝ ያህል ደስ አለኝ። ሳላፍር እጁን ሳምኩት። ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራው ለኦኬሎ ተሰጠ። ኦኬሎ አኙዋክ ነው፤ እዚያው ከተማው ውስጥ የተወለደ፣ አናጺነትን ሚሲዮኖች ዘንድ የተማረ ጎልማሳ። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ አጠር አጠር እያደረገ ይናገራል። መጥቶ ለካ። ቁም ሳጥኑ የግድግዳውን ርዝመት ሙሉ ስለሚይዝ ከሁለቱ በሮች አንዱ መዘጋቱ የግድ ነው አለ። ከድጃ ከሳሎን ሆና ወዲያው መለሰች። የጓሮው ይዘጋ፣ ሌባ የሚገባው በጓሮ ነው አለች። ሰይድ ይሁን አለ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ነፋሴን በቁም ሳጥን ለወጥኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰይድ ዕቃ ላመጣ ብሎ ጎሬ ወጣ። ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ አልደነቀኝም። የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ከድጃ ማንጎው ሥር በግ አሰረች። ሩዝ ልቀሚ አለችኝ፤ ብዙ ሩዝ ነው። ጎረቤቶች ሰብሰብ ይላሉ፣ ሰይድ ጥሩ ዕቃ አግኝቶ ነው የሚመጣው አለች። ተቀምጬ ጠጠሩን እያወጣሁ ሩዙን ሁሉ ለቀምኩ።

የሚመጣበት ዕለት ማለዳ ኦኬሎ ሳንቃዎቹን በእጅ ጋሪ አምጥቶ ጓሮ አወረደ። ቁም ሳጥኑ ተገጣጥሞ በበር አይገባም፤ ተጋድሞ ቢገባ እንኳ ሲቆም የአቡጀዲውን ኮርኒስ ይቀዳል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚገጣጠመው። አልጋውን ፈታትተን በጓሮው በር አወጣነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንኳ ጠባብ ነበር። ኦኬሎ ረዳት አልነበረውም፤ ሳንቃውን ከወዲያኛው ጫፍ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ኮምፔንሳቶ ለዚህ አገር አይሆንም፣ ምስጥ ይበላዋል ብሎ ጀርባውን ሳይቀር በዋንዛ ነበር የሠራው። ከባድ ነው። ከድጃ ሳሎን ተቀምጣ ድምፃችንን ትሰማለች።

ጎኖቹን አቁመን መሃሉን የሚከፍለውን ሳንቃ ስናስገባ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ለሁለት የሚለየው ድፍን ሳንቃ መሆኑን አየሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በሮቹ የሚንሸራተቱበትን ቦይ በሻማ እየቀባ ሳለ ኦኬሎ ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«እትዬ ዘሃራ፣ የትኛውን ትወስጃለሽ?» አለኝ። «በመስኮት በኩል ያለው ጥሩ ነው። ብርሃን አለ። አንቺ የመጀመሪያ ነሽ፤ አንቺ ምረጪ።»

አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሰይድ ነው፤ እሱ ሲመጣ ይመርጣል አልኩት።

«ሰይድ ‹ሁለት ቁልፍ አድርግ፣ ሙሽራ ትመጣለች› አለኝ። አንድ ቁልፍ የአንቺ፣ አንድ ቁልፍ የእሷ። መሃሉን የዘጋሁት ለዚህ ነው።»

ሙሽራ የሚለውን ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩት የሰይድን ዘመድ ነው። ጎሬ የአጎቱ ልጆች አሉ። አንዷ አግብታ እኛ ጋ ልታርፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አእምሮ እንዲህ ነው፤ ሊያምን የማይፈልገውን ነገር ሌላ ልብስ ያለብሰዋል። የማን ሙሽራ ናት ብዬ ጠየቅሁት።

ኦኬሎ ሻማውን እንደያዘ አየኝ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ይታየኛል፤ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«የሰይድ ናት» አለ። «ዛሬ ትመጣለች። አልነገረሽም?»

በእጄ የያዝኩት በር ነበር። ቀጭኑ የበር ሳንቃ። አልጣልኩትም። ግድግዳው ላይ አስደግፌው፣ እንዳይወድቅ ሁለት ጊዜ ነካክቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ነበር፤ የገበያው ጫጫታ ከሩቅ ይሰማኛል። በጉ ጓሮ ውስጥ ጮኸ። ያን ጊዜ ሩዙ ትዝ አለኝ። የለቀምኩት ሩዝ።

ልጅ አለመውለዴን የምታነሱ ትኖራላችሁ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። የእኔ ጉዳይ ነው።

ተነስቼ ወደ ሳሎን ገባሁ። ከድጃ ጣቷ ከሙስባሃው ላይ አልተነሳም። እትዬ ከድጃ፣ አናጺው የሚለው እውነት ነው ወይ አልኳት። ምን አለሽ አለችኝ። ነገርኳት።

«አናጺ አፉን መያዝ አይችልም» አለች። «ማታ ሰይድ ራሱ ሊነግርሽ ነበር። ኒካው ታስሯል፤ ያለቀ ነገር ነው።»

ታዲያ አንዱ ቁልፍ የእኔ ነው ወይ? ይህን ነው የጠየቅኋት። ከሁሉ ነገር ይህን ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ምናልባት ከዚያ ሁሉ ውስጥ እጄ የሚደርስበት ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

ከድጃ ከት ብላ አልሳቀችም። እንደዚያ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብላ፣ ለማያውቅ ሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ተናገረች።

«አንዱ የእሷ፣ አንዱ የሰይድ ነው። አንቺ የቆርቆሮ ሳጥንሽ ይበቃሻል። መጋዘኑን ዛሬ ጠራርጊና አልጋሽን እዚያ ዘርጊ። ሙሽራ ከሱቅ ዕቃ ጋር አትተኛም መቼም።»

ከዚያ ተነሳች። ዙህር ደርሷል፣ ጎረቤት ቤት ሰግጄ የሩዙን ነገር አያለሁ፣ ሴቶቹ እዚያ እየጠበቁኝ ነው አለች። ሴቶቹ። ለካ ሁሉም ያውቃል። ጠዋት ውሃ ስቀዳ ሰላም ያሉኝ ሁሉ ያውቃሉ። ሰላምታቸው ረዘም ያለው ለዚህ ኖሯል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ኦኬሎ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። በጣም አፍሯል። እንደማላውቅ አላወቀም። በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ከመጀመሪያዋ ሚስት ተደብቆ አይደረግም፤ ስለዚህ የማውቅ መስሎት ደስ ሊያሰኘኝ ነው የጠየቀኝ። ይህን ተሰባብሮ በሚወጣ አማርኛ ደጋግሞ ነገረኝ። እኔ አንድ ሚስት ነኝ፣ ቸርች ነው የምሄደው፣ አባቴ ግን ሦስት ነበሩት አለ።

«አባቴ ሁለተኛዋን ሲፈልግ መጀመሪያ ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ቤት ሠራ። ቤት ሳይሠራ አትመጣም። እያንዳንዷ የራሷ ቤት፣ የራሷ በር አላት። በእናቴ በር አባቴ ራሱ ሳይጠራ አይገባም ነበር። እኔ ሁለት ሚስት አንድ ክፍል ሲሆን አይቼ አላውቅም። ግን አሰብኩ፤ የእናንተ አገር ሰው እንዲህ ይሆናል አልኩ።»

የራሷ በር። ቀና ብዬ ሁለቱን በሮች አየሁ። ጎኖቹ የቆሙት በጓሮው በር በኩል ነው። የሳሎኑ በር ከጀርባዬ ክፍት ነው፤ የከድጃ ባዶ ወንበር ይታያል።

ኦኬሎን ይሄ ነገር በዚያኛው ግድግዳ ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልገባውም። በሳሎኑ በር በኩል አልኩት። ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ግድግዳው እኩል ነው አለ፤ ወለሉ ግን በዚያ በኩል ዝቅ ይላል፣ ከሥሩ ሽብልቅ ካልገባ በሩ በራሱ ይንሸራተታል፣ አይቆምም። ከዚያ የምለው ገባውና ሜትሩን አጠፈ። ያዘዘው ሰይድ ነው፣ የተባለው በጓሮው ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱ የሚኖርበት ከተማ ነው፣ የሚለምነው ሥራ አለው።

«ኦኬሎ፣» አልኩት፣ «ይህን ግድግዳ የመረግሁት እኔ ነኝ። ማታ ቢጠይቁህ ዘሃራ አዘዘችኝ በል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኔ ተወው።»

አልለመንኩትም። እናትህ ብትሆን ብዬም አላስለቀስኩትም። የሳንቃውን ጫፍ ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ።

የሳሎኑን በር ዘጋነው። ጎኖቹን አዞርን። ከሥሩ የዋንዛ ቁራጭ እየጠረበ ሽብልቅ አስገባ፤ ውሃ ልኩን አስቀምጦ ያያል፣ እንደገና ይጠርባል። እኔ ጆሮዬ ውጭ ነው። ከድጃ ብትመለስ ግማሽ የቆመ ነገር አስፈርሳ ታስነሳዋለች፤ ካለቀ ግን ለማፍረስ ወንድ መጥራት አለባት። በዋንዛው ጀርባ አሳልፎ ከበሩ መቃን ጋር በቡሎን አሰረልኝ። ጠንከር አድርገው አልኩት። ጠንከር አደረገው። መሃሉን የሚከፍለውን ሳንቃ ግን አውጣው አልኩት፣ አወጣው። በሮቹን ቦያቸው ውስጥ አስገብቶ በአንድ ጣቱ ሲገፋቸው እንደ ቅቤ ሄዱ። ከዚያ በእግሮቹ ሥር ላምባ የተሞሉ ጣሳዎች አስገባ፣ ለምስጥ። በዚያ ሁሉ መሃል ሥራውን አላጓደለም።

አልጋውን በጓሮው በር መልሰን አስገብተን ገጠምነው። ኦኬሎ ጋሪውን እየገፋ ሲሄድ ወደ ኋላ አላየም። እኔም የጓሮውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ።

ከድጃ በዐስር ሰላት መጣች። እርምጃዋን ከሳሎን ሰማሁት። መጋዘኑን አልጠረግሽም ወይ እያለች የመኝታ ቤቱን በር ሳበች። በሩ ወደ እሷ ተከፈተ። ከበሩ መቃን እስከ መቃን ድፍን ሳንቃ ነው የገጠማት። እኔ የቁም ሳጥኑን በር ወደ ጎን ገፋሁና ባዶው ሳጥን ውስጥ ገብቼ ቆምኩ፤ የዋንዛው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በመካከላችን አንድ ሳንቃ ነበር። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ምንድነው ይሄ?» አለች።

«ቁም ሳጥኑ ነው፣ እትዬ ከድጃ» አልኳት። «በደንብ ገብቷል።»

በመዳፏ መታችው። ዞራ በጓሮ መጣችና የጓሮውንም በር መታች። አብደሻል ወይ፣ እንግዳ እየመጣ ልታዋርጅን ነው ወይ፣ ክፈቺ ብዬሻለሁ። ከዚያ ኦኬሎን ረገመችው። ከዚያ እኔንና ኦኬሎን አንድ ላይ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጽፈው የማልፈልገውን ነገር ተናገረች። የተናገረችው ቃል ከተማው ውስጥ ዓመታት ዞረ። ኦኬሎ ከዚያ ወዲያ ለጥገና ስጠራው ሚስቱን ሳያስከትል ግቢያችን አልገባም። ይህንንም እዳዋ ላይ ጨምሩልኝ።

መኪናው ከመግሪብ በፊት መጣ። ጡሩምባው፣ እልልታው። እልልታው ሳሎን ሲገባ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ከድጃ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ከዚያ የሰይድ ጣት ሳንቃውን አንኳኳ፤ በቀስታ፣ እንደ እንግዳ።

«ዘሃራ፣ ምን አደረግሽ?»

«ቤት ሠራሁ» አልኩት።

ክፈቺና በሰላም እንነጋገር አለኝ። በዚህ በኩል በር የለም አልኩት፤ በጓሮ በኩል ያለውን የምከፍተው እኔ ስፈልግ ነው። ነገ ይነጋል፣ እስከዚያ ሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ። ሲለምነኝ ድምፁ ያው የማውቀው ድምፅ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ በዚያች ደቂቃ ልቤ ላላ ብሎ ነበር። ሌላ ምንም ባይከተል ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ያን ጊዜ የሴት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ በመንገድ አቧራ የሻከረ፣ ገና ልጅ የሆነ ድምፅ። እሷም አታውቅም ኖሯል።

«ውስጥ ያለችው ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው።

እኔ ሳንቃው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ መልሱን ጠበቅሁ። ክፍሉን፣ አልጋውን፣ በጉን፣ ሩዙን ሁሉ ረሳሁ። የቀረኝ ነገር ያ መልስ ብቻ ነበር።

«ዘመዳችን ናት» አለ። «ቤት የምትጠብቅልን።»

እስከዚያች ሰዓት የተጎዳሁ መስሎኝ ነበር። ገና አልተነካሁም ነበር። ከድጃ ከክፍሌ ልታወጣኝ ፈለገች፤ እሱ ግን በአንድ ቃል ከኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አወጣኝ። እልል ተብሎ ገብቼበት በነበረው ቤት፣ የለበስኩት ሻሽ ሳይቀር እሱ በገዛልኝ ቤት፣ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አላለቀስኩም። መላ ሰውነቴ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጋምቤላ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በረደኝ።

አፌን ወደ ሳንቃው አስጠግቼ፣ ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ተናገርኩ።

«እህቴ፣ ዘሃራ እባላለሁ። ሚስቱ ነኝ። የቆምሽበት ቤት የእኔ ቤት ነው። በአንቺ ላይ ቂም የለኝም። ይህን ግን እወቂ።»

ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ሲፈልጉ ሰማሁ። ሩዙን ማን እንደበላው አላውቅም። የቁም ሳጥኑን በር በአንድ ጣቴ ገፋሁት። እውነትም እንደ ቅቤ ነው የሄደው።

ሙሽራዋ ቀረች፤ የት ትሄዳለች። እሷን የሚመለከተውን ሌላ ነገር ለራሷ ትቼዋለሁ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጡ፣ አስተናገድኳቸው። ከድጃ ሳጥኑ ይነቀል አለች። ሰይድ ታረቂኝ አለ። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ ፍቺና ያን ክፍል። ክፍሉን በእጄ እንደመረግሁት የሚያውቁ ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለቱንም ሰጡኝ፤ ወደ ደሴ ትመለስ ያሉትም ነበሩ፣ አልተመለስኩም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ መሃል ምናልባት ዛሬ ሩዝ የምትለቅም ትኖር ይሆናል። ለማን ድግስ እንደሆነ ጠይቂ። የጎረቤት ሰላምታ ሲረዝም ጠይቂ። ባልሽ ዕቃ ሲያሠራ ደስ ይበልሽ፣ ግን ቁልፉ ስንት እንደሆነ እይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው በሰጠኝ ነገር እጁን ስሜ አላውቅም። ይህ መልካም ነው ብዬ አልመክራችሁም። ብዙ ሰው ደረቅ ናት ይለኛል። ደረቅ ነኝ። ያቺ እጅ የምትስመው ልጅ ግን ባዶ ሳጥን ውስጥ ቆማ አንድ ቃል ስትጠብቅ ቀርታለች፤ ከዚያ የወጣችው ሌላ ሰው ናት። በመንግሥት ለውጡም፣ በጎርፉም፣ በበሽታውም የኖረችው ይቺኛዋ ናት።

የስፌት መኪና ተከራየሁ፣ በኋላም የራሴ ሆነ። የጓሮውን በር ከፍቼ እዚያው ደጃፌ ላይ ልብስ ሰፋሁ። ሰይድ አርጅቶ ሲታመም ገንፎ ልኬለታለሁ፤ ራሴ አልሄድኩም። ከድጃ የሞተች ዕለት ሰው ሁሉ ጓሮውን ሞልቶት፣ ወንበሩ እስከ ደጃፌ ደርሶ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም። የቁም ሳጥኑን ልብስ አውጥቼ አራግፌ፣ አጣጥፌ መልሼ አስገባሁ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።